ከኮርኒሱ በላይ ያለ ፒያኖ

እንቅልፍ እንደሆነ እምቢ ብሏል። መጋረጃው ተዘግቷል፤ በመጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ተደርቧል፤ በብርድ ልብሱ ጠርዝ ግን የቀኑ ብርሃን እንደ ወሬኛ ጎረቤት አንገቱን አስግጎ ያየዋል። አገሩ ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ እሱ ተጋድሟል። አገሩ ሁሉ ሲተኛ ደግሞ እሱ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት እርጥብ አንሶላ ለመተኮሻው ማሽን ሲያጎርስ ያድራል። ሰውነቱ ይህን ኑሮ ዛሬም አልለመደውም፤ ሰውነት እንደ በቅሎ ነው፣ አንዴ ያወቀውን መንገድ አይለቅም። ይገላበጣል። ትራሱን ያዞራል፤ ቀዝቃዛውን ገጽ ለጉንጩ ይሰጠዋል፤ ጉንጩ ያሞቀዋል፤ እንደገና ያዞረዋል። ከላይ ምንም አይሰማም። ጉዱም ይኸው ነው። መጀመሪያ ከላይ ስለሚሰማ አይተኛም ነበር፤ ኋላ ከላይ ስለሚሰማ መተኛት ጀመረ፤ አሁን ደግሞ ስለማይሰማ ዓይኑ እንደ ጉጉት ፈጦ ቀረ። ለሰው ቢነግረው ሰውየው ግንባሩን ዳስሶ ትኩሳት ይፈልግለት ነበር። እና ለማን ይነግረዋል? ለኮርኒሱ ነው የሚነግረው። ኮርኒሱ ደግሞ ሁሉንም ያውቃል።

ቤቱን ሲከራይ ከላይ ማን እንዳለ አልጠየቀም። በገባ ሰሞን አንድ ቀን፣ ከሥራ ተመልሶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ዓይኑን ገና ከመክደኑ ከጭንቅላቱ በላይ አንድ ነገር ዱም ዱም ማለት ጀመረ። መዶሻ መሰለው። ቆየት ሲል ዜማ ሆነ። ዜማውም አንድ ቦታ እየደረሰ ይሰናከላል፤ ይነሳል፤ ወደ ኋላ ሄዶ ተንደርድሮ ይመጣል፤ እዚያው ቦታ ላይ፣ ድልድይ እንዳስፈራት አህያ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። በነጋታውም እንዲሁ። ከነጋታው ወዲያም እንዲሁ። አንድ ቀን የመጥረጊያውን እንጨት አንስቶ ኮርኒሱን ሊደበድብ ተንጠራራና ይሉኝታ እጁን ያዘው። ይሉኝታ ፓስፖርት ሳይጠየቅ አብሮት ድንበር የተሻገረ ብቸኛ ዘመዱ ነው። መጥረጊያውን መልሶ ጥግ አቆመውና ጆሮውን በጥጥ ደፍኖ ተኛ፤ ተኛ ከተባለ።

እሷው ናት የመጣችው። በሩ ተንኳኳ፤ ሲከፍት አንዲት ሴት የሹፌር ጃኬት ለብሳ ቆማለች። "ከላይ ነኝ" አለች፣ ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ነውና ለቅጽበት መልአክ መስላው ሊሰግድ ምንም አልቀረው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች፤ ጠዋት ልጆቹን ታደርሳለች፣ ወደ ማታ ትመልሳለች፣ መሀሉን በፒያኖ ትሞላዋለች። ዕድሜዋ ከእሱ ቢበልጥ እንጂ አያንስም፤ ጸጉሯ ጆሮዋ ሥር መሸበት ጀምሯል። "ሌሊት እንደሚሠሩ ዛሬ ገና ነገሩኝ። በፒያኖው ስገድልዎት ከርሜያለሁ ማለት ነው። መቼ ነው የሚተኙት?" አለች። "ኧረ ምንም አይደል! እንዲያውም ደስ ይለኛል!" አለ እሱ። "ዓይንዎ ግን እንደዚያ አይልም" አለችና ሳቀች። በእነሱ ቋንቋ አንተና እርስዎ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም አንድ ነው፣ ለመንግሥትም ለድመትም። እሱ ግን ጆሮው የአገሩ ነውና ለራሱ ይተረጉማል፤ ያን ቀን እርስዎ ብላው ነበር። ከምሳ በኋላ ብቻ፣ ለስለስ አድርጋ እንድትጫወት ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ በሆዱ "የላይኛዋ" አላት።

አንድ ቀን የገዛችውን ዕቃ ተሸክሞላት ወጣ፤ ፒያኖውን አየው። ግድግዳ ተደግፎ የቆመ፣ ቡናማ፣ ጥርሶቹ የወየቡ ሽማግሌ ፒያኖ። በላዩ ላይ የልጆች ጓንት ተደርድሯል፤ አውቶቡሱ ውስጥ ረስተዋቸው የሚወርዱ፣ ጥንድ የሌላቸው ጓንቶች። "ንካው" አለችው። አንዷን ጥርስ ነካ፤ ከመሀል በስተግራ ያለችውን። ድምፅዋ ወፍራም፣ ሞቅ ያለች ነበረች። "በል እንግዲህ ይቺ ያንተ ናት" አለችው ስትቀልድ፤ ያን ጊዜ በጆሮው ውስጥ አንተ ሆነ። ቀልድ መሆኑን ያውቃል። ያውቃል፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋው ላይ ሆኖ ያቺን ድምፅ ይጠብቃታል፤ ስትመጣ የራሱ ስም የተጠራ ያህል ደረቱ ይሞቃል። ደግሞ የምትቆምበት ቦታ አለ። ትጫወት፣ ትጫወትና ድንገት ዝም። ረዘም ያለ ዝምታ። እሱም ትንፋሹን ይይዛል። ተኝቶ እንደሆነ እየሰማች ነው ይላል በልቡ። ይገላበጣል፤ አልጋው ሲጢጥ ይላል፤ ከላይ ፒያኖው ቀስ ብሎ ይመልሳል። ሰላም ነህ? ሰላም ነኝ። እንደዚህ እየተነጋገሩ እንቅልፍ ይወስደዋል። ስንት ሰው በዚህ አገር ሰላም ነህ ብሎት ያውቃል? የማሽኑ አለቃ እንኳ የሚጠራው በመደቡ ቁጥር ነው።

ሚስት አለችው እንዴ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ አዎ አለችው። ሁለት ልጆችም አሉት፤ ስልክ ላይ ሲቀርቡ እንደ ንባብ ፈተና "ደህና-ነህ-ወይ-አባባ" ብለው ለእናታቸው የሚያስረክቡ። ሚስቱ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት፤ ድምፅዋ በስልክም ጠመኔ ጠመኔ ይላል። ሲወጣ "ቶሎ ነው፣ ወረቀቱ እንዳለቀልኝ እወስድሻለሁ" ብሏት ነበር። ወረቀቱ አላልቅ አለ፤ ወረቀት ወረቀትን ይወልዳል፤ ትልቁ ልጁ እሱ በሌለበት ድምፁ ጎረነነ። አንዴ ከምሳ በኋላ ስትደውል የላይኛዋ እየተጫወተች ነበር።

"ሬዲዮ ከፍተህ ነው?" አለች ሚስቱ።

"አይ፣ ከላይ ነው። አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ፒያኖ የሚጫወቱ።"

ሽማግሌውን ከየት እንዳመጣቸው እሱም አያውቅም። ሴት ናት ቢል ምን ነበረበት? ምንም። ምንም የሌለበትን ነገር መዋሸቱ ነው የሚያሳፍረው፤ ሌባ እንኳ የሚሰረቅ ነገር አይቶ ነው የሚሰርቀው።

"ዕድሜ ይስጣቸው። እስቲ ስልኩን ወደ ላይ አድርግልኝ።"

አልጋው ላይ ቆሞ ስልኩን ወደ ኮርኒሱ ዘረጋ። ክንዱ እስኪዝል ቆመ። ሲያወርደው ሚስቱ ዝም ብላ ትሰማ ነበር። "እንዴት ያለ ነገር ነው" አለች፣ "ሰው ሲያባብሉት ይመስላል።" ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር ሽማግሌው እንዴት ናቸው ነው፤ ሰላም በልልኝ ነው፤ ብርዱ እንዳይጎዳቸው ነው። እሱም "ብያቸዋለሁ፣ እሳቸውም ሰላም ብለውሻል" ይላል። የሌሉ ሽማግሌ ከሚስቱ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጡ ከረሙ።

አሁን ማን ነበር የሳበው ወደዚያ አዳራሽ? ምነው እግሩን በሰበረው! ደረጃው ላይ አግኝታው "እሁድ ከሰዓት እንጫወታለን፣ የሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ፤ ለሰፈሩ ሰው ነው፣ በነጻ ነው፣ ና" አለችው። "እንጫወታለን" ማለቷን ልብ አላለም። በዚህ አገር በነጻ ያገኘው ነገር ጉንፋን ብቻ ስለሆነ ነጻ የሚለውን ቃል ይፈራዋል፤ ግን ሄደ። ሸሚዙን ተኩሶ ነው የሄደው። ሌሊቱን ሙሉ የሰው አንሶላ ሲተኩስ የሚያድር ሰው ለራሱ ሸሚዝ ከተኮሰ ነገር አለ ማለት ነው። አዳራሹ በአዘቦት ቀን አሮጊቶች ካርታ የሚጫወቱበት፣ ሕፃናት የሚከተቡበት ነው፤ ግድግዳው ላይ የጥርስ አቦራረሽ ሥዕል ተለጥፏል፤ የሚታጠፉ ወንበሮች ሰው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንጫጫሉ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጠ፤ እንድታየው።

ሦስት ሆነው ወጡ። ሦስት! ፊት ፊት አንዲት ነጭ ጸጉር አሮጊት፣ ቫዮሊን የያዘች፣ ከቫዮሊኗ ብዙም የማትከብድ። ቀጥሎ አንድ ሰውዬ፤ ጢሙ የተከረከመ፣ ጫማው መስታወት የሆነ፤ ቫዮሊን መሳይ ግን የሰው ቁመት ያለው ነገር ታቅፎ፣ እንደ ሙሽራ። ቼሎ መባሉን በኋላ ነው የሰማው። በስተመጨረሻ የላይኛዋ፣ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ። ቀሚስ ለብሳ አይቷት አያውቅም። ወደ ሕዝቡ አላየችም፤ ወደ ጢማሙ አየች። ጢማሙ ትንፋሽ ሳበ፤ እሷም ሳበች፤ ጀመሩ። በቃል አይደለም፣ በዓይን እንኳ አይደለም፣ በትንፋሽ ነው የሚነጋገሩት! ሚስትና ባል እንኳ በትንፋሽ ለመነጋገር ዘመን ይፈጅባቸዋል።

ዜማውን ግን ያውቀዋል፤ የሱ ነው፤ የአልጋው ዜማ ነው። አህያዋ የምትቆምበት ድልድይ ጋ ሲደርሱ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠ፤ የላይኛዋ ሳትሰናከል ተሻገረችው፤ በደስታ ሊጮህ ነበር። ያቺ ወፍራም ድምፅ መጣች፤ ደረቱ ሞቀ። ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ፤ ዝም የምትልበት ቦታ። እጆቿን ጭኗ ላይ አሳረፈች። ሰላም ነህ ልትለው ነው፤ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ፣ አንገቱን አቀና። ያን ጊዜ ጢማሙ ደጋኑን አነሳና ገባበት። በዝምታው ውስጥ ገባበት! ያ ቼሎ እንደ ሰው ጉሮሮ ከፍቶ ያዜም ጀመር፣ ረዥም፣ ወፍራም፣ አልቃሽ ድምፅ፤ የላይኛዋም ዓይኗን ጨፍና ራሷን ወደ እሱ ዘንበል አድርጋ ትሰማዋለች። ለካ ያ ዝምታ ባዶ አልነበረም። ለካ ያን ሁሉ ቀን ኮርኒሱ ሥር ተጋድሞ የኔ ነው ያለው ቦታ የሌላ ሰው ነበር፤ እሷ እዚያ ላይ ቆማ የምትሰማው ታች ያለውን ሰው ሳይሆን እዚያ የሌለውን ሰው ነበር። ሆዱ ውስጥ ፍም የተጣለ መሰለው። ገዛ ቤቱ ገብቶ፣ በገዛ ወንበሩ ሌላ ወንድ ተቀምጦ፣ በገዛ ሰሐኑ ሲበላ ያገኘ ሰው ምን ይላል? ያውም ያ ሰው ቀና ብሎ "ኖር፣ እንብላ" ቢለው? ከዚያ ቀጥሎ የመጣውን አልሰማም፤ የጢማሙን እጅ ብቻ ነው ያየው፤ ንጹህ፣ ጥፍሩ የተስተካከለ፣ ለብ ያለ ውሃ እንጂ የፈላ ውሃ ያልነካው እጅ። የራሱን እጅ ብብቱ ሥር ወሸቀ። ሦስቱ ለአፍታ ቆሙ። አበቃ ብሎ አጨበጨበ። ብቻውን። ጭብጨባው አዳራሹ ውስጥ እንደ ወደቀ ሰሐን ጮኸ፤ ሰዎች ዞሩ፤ ለካ ገና ግማሹ ነው፣ በመሀል አይጨበጨብም። ጢማሙ ፈገግ ብሎ ራሱን ዝቅ አደረገለት፣ "አይዞህ" እንደማለት። ቢስቅበት ይሻለው ነበር። ደግነቱ ነው የገደለው።

ሲያልቅ ሻይ ነበር። ሊሾልክ ሲል የላይኛዋ በክንዱ ያዘችው፤ ፊቷ በርቷል፣ ግንባሯ ወዝቷል። "ይኸውላችሁ፣ የታችኛው ጎረቤቴ!" አለች።

"እርስዎ ኖት!" አለ ጢማሙ እጁን ዘርግቶ። "ያለ እርስዎ እኮ ይህ ነገር አይሆንም ነበር። 'ታች ሰው ተኝቷል' እያለች ቤቷ አላስለማምድ አለችን። በእርስዎ ምክንያት ረቡዕ ረቡዕ እኔ ቤት ሆነ።"

"የጥርስ ሐኪም ነው" አለች አሮጊቷ በጆሮው። "ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ሰፊ ነው።"

ሰፊ ነው። ረቡዕ ረቡዕ። በእርስዎ ምክንያት። ረቡዕ እሱ አውቶቡስ ሲጠብቅ የላይኛዋ ቦርሳ አንግታ በደስታ እጇን እያወዛወዘች ታልፍ ነበር፤ እሱም አጸፋውን እያወዛወዘ ደግ ጉዞ ይመኝላት ነበር! "በጣም ጥሩ ነበር" አለ፣ የተሰበረ ጥርሱ እንዳይታይ ከንፈሩን ገጠም አድርጎ። ሻዩን ሳይጠጣ አስቀምጦ ወጣ። በማግስቱ ሚስቱ ደወለች፤ ሽማግሌው እንዴት ናቸው አለችው። "ደህና ናቸው" አለ፤ "ትንሽ ይጮሃሉ።"

ከዚያ በኋላ ፒያኖው ጠላቱ ሆነ። በጀመረች ቁጥር ቼሎው ይሰማዋል፤ እዚያ የለም ግን ይሰማዋል፤ ዝም ስትል በዝምታው ውስጥ ጢማሙ ተቀምጧል፣ እግሩን ከፍቶ፣ ደጋኑን ይዞ። ያቺን ወፍራም ድምፅ እንኳ ሲሰማት ለሰው የተሰጠች ይመስለዋል። እንቅልፍ ሙልጭ ብሎ ጠፋ። ማጠቢያ ቤት አንሶላውን ከወዲያ ጫፍ የሚይዝለት አንድ የአገሩ ልጅ አለ፤ ሁሉም "ጠበቃው" ይሉታል፤ ሕግ ተምሮ ሳይሆን የሰው ጉዳይ ስለማያስችለው ነው። አንሶላውን ሲያጥፉ ተጠጋግተው፣ ጫፍ ለጫፍ ሲገናኙ ፊቱን አየው።

"አንተ፣ ዓይንህ በርበሬ መስሏል። ምን ሆነሃል?"

"ከላይ ፒያኖ አለች፤ አላስተኛ አለችኝ።"

"እና ዝም? ለቤቶቹ ጽሕፈት ቤት አመልክታ! መብትህ ነው እኮ። እዚህ አገር መብት ማለት ያልጠየቀ የማይሰጠው ነው።"

"ጎረቤት ናት፣ ነውር ነው" አለ እሱ። ነውር ነው ሲል ግን ልቡ "መብት" የምትለዋን ቃል እንደ ከረሜላ ይመጣት ነበር። ሲነጋ ቤቱ ሳይገባ ደወለ። ማሽን ነው ያነሳው፤ ለኪራይ ይህን ተጫን፣ ለጥገና ያን ተጫን፣ ለቅሬታ... ተጫነው። ቅሬታ አለው እኮ፤ ቅሬታማ ሞልቶት ተርፎታል። መታወቂያ ይዞ እንዲመጣ ነገሩት፤ ሄደ። መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ጸሐፊ "የሌሊት ሠራተኛ ኖት? አይ፣ ይህማ ግፍ ነው" ብላ እንደ እናት አዘነችለት። በአዘነችለት መጠን እሱም እየባሰበት፣ በጠዋት ትጀምራለች አለ፤ ለምኛት እምቢ አለችኝ አለ። ውሸት አንዴ ከጀመሩት ቁልቁለት ነው። እንዲያ ካለ በኋላ እስከ ቤቱ ድረስ በጣም ቀለለው። ቀልሎት ተኛ፣ አቤት የተኛው እንቅልፍ!

የላይኛዋ በሩን ስታንኳኳ የትራሱ ምልክት ገና ጉንጩ ላይ ነበር። ፊቷ ነጥቷል። "አንድ ሰው ከሶኛል" አለች። "ልምምድ እንዳቆም፣ ካላቆምኩ ከቤት እንደምወጣ። ያ ውሻ ያለው ጎረቤታችን ነው፤ ድሮም አይወደኝም።" እሱ ጉንጩን አሸት አሸት አደረገ። "እኔ ሥር የምትኖረው አንተ ነህ። አንተ አብረኸኝ ሄደህ 'እኔን አትረብሸኝም' ካልካቸው ያበቃል። ትሄድልኛለህ?" አንተ ነው የምትለው፤ በጆሮው አንተ ነው። እምቢ ይበል? ምን ብሎ? "እሄዳለሁ" አለ። ቀድሞ በጠዋት ሄዶ፣ ጸሐፊዋን ለብቻዋ አግኝቶ፣ ሁሉንም ሊሽር አስቦ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስበው አድሮ፣ ጠዋት ገብቶ ለአፍታ ጋደም ልበል አለ፤ እንቅልፍ የሚባል ከሀዲ ስንት ቀን ሲለምነው እምቢ ብሎ ያን ዕለት ጭልጥ አድርጎ ወሰደው። ያነቃችው የሷ ጥሩምባ ነው። ልጆቹን አድርሳ ባዶውን አውቶቡስ ደጃፉ ላይ አቁማለች።

ትንንሽ ወንበሮች ናቸው፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። እሷ በመስታወት እያየችው ታወራለች። ፒያኖው የእናቷ ነው፤ እናቷ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላም በዳበሳ ይጫወቱ ነበር፤ እሷ ግን በጨዋታዋ ሰውን ሁሉ ከምታባርር አውቶቡስ መንዳት መረጠች፤ አዳራሽ ውስጥ ስትጫወት የመጀመሪያዋ ነው፤ "ሁለተኛው ረድፍ ላይ ሳይህ ፍርሃቴ ለቀቀኝ፤ በመሀል ስታጨበጭብ ደግሞ ሳቄን ያዝኩት፤ ደስ ብሎኝ" ትለዋለች። አሁን ይንገራት? አሁን፣ የትራፊክ መብራቱ ሲይዛቸው? መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ቀጣዩ ሲይዘን እነግራታለሁ ይላል። ቀጣዩ አልያዛቸውም።

ጸሐፊዋ ገና ከበሩ ሲገባ መነጽሯን አጠለቀች። "እንዴት ነው፣ ተኙ?" አለችው ፈገግ ብላ። "አይጨነቁ፤ ያቀረቡት ቅሬታ ተፈጽሞልዎታል። ሴትየዋን አስጠንቅቀናታል።" ሴትየዋ አጠገቡ ቆማለች። የሆነ ቦታ ማተሚያ ማሽን ወረቀት ይተፋል። "እተወዋለሁ፣ እሰርዘዋለሁ፣ ስህተት ነው" አለ፤ የሚያውቃት ቋንቋ ሁሉ ተበተነችበት። ጸሐፊዋ አንዴ እሱን አንዴ የላይኛዋን አየችና ገባት፤ ዓይኗን ወደ ጠረጴዛዋ መለሰች። የላይኛዋ አልጮኸችም። ሲጮኹበት የለመደ ሰው ነው፣ ብትጮህበት ይችለው ነበር። "ለምን ለራሴ አልነገርከኝም?" አለች ብቻ። "ያን ቀን ስጠይቅ ደስ ይለኛል ያልከኝ..." "እውነት ነው፣ ደስ ይለኛል" አለ። እሱም አልገባውም፣ ለእሷ እንዴት ይግባት? በአውቶቡሱ መለሰችው፤ እንዳመጣችው መመለስ አለባት፣ እንዲያ ያለች ሰው ናት። መስታወቱ ውስጥ አላየችውም። ደጃፉ ላይ በሩን ከፍታ "ደርሰናል" አለች፤ ሊወርድ ሲል "በመረበሽዎ ይቅርታ" አለችው። እርስዎ። በጆሮው እርስዎ ሆኖ ተመለሰ።

ቅሬታው ተሰረዘ፣ መጫወት ትችላለች ተባለ፤ እሷ ግን አልተጫወተችም። ትናንት ከደረጃው የእግር ኮቴ ሰምቶ ወጣ። ፒያኖውን እያወረዱት ነው። ወፍራም ገመድ አስረው፣ ብርድ ልብስ አልብሰው፣ እንደ በሽተኛ። ፊት ለፊት ሆኖ የተሸከመው ጢማሙ ነው፤ ጃኬቱን አውልቋል፣ ያ ንጹህ እጁ ተልጧል። የውጪው በር እየተዘጋ አስቸገራቸው። እሱም ሄዶ በሩን ያዘላቸው። ምን ያድርግ? በሩን ያዘላቸው፤ ፒያኖው በደረቱ አጠገብ አለፈ፤ የሆነ ነገር ውስጡ ነካውና ሁሉም ድምፆች በአንዴ አቃሰቱ። "እግዜር ይስጥልኝ፣ ደግ ሰው ኖት" አለው ጢማሙ እያለከለከ። ፒያኖው ወደ ሰፊው ቤት ሄደ። ረቡዕ ረቡዕ የነበረው አሁን በየቀኑ ሆነ። በገዛ እጁ ድሯቸዋል ማለት ይቻላል፤ ሚዜውም እሱ፣ በር ከፋቹም እሱ።

ስልኩ ትራሱ ሥር ተንቀጠቀጠ። ሚስቱ ናት፤ የእረፍት ሰዓቷ ነው፤ ከጀርባዋ የሕፃናት ጫጫታ ይሰማል።

"ዛሬ ሽማግሌው ዝም አሉ" አለች ትንሽ ቆይታ።

"ሄዱ።"

"ሞቱ እንዴ?! ውይ በሞትኩት!"

"አልሞቱም። ሽማግሌ አይደሉም።" ተነሥቶ ተቀመጠ። "ሴት ናት።"

የሕፃናቱ ጫጫታ ራቀ፤ ከክፍል ወጥታ በሩን ዘግታለች። "ዕድሜዋ ስንት ነው?" "ትበልጠኛለች።" "እሺ" አለች። "እና ምን ብታደርጋት ነው የሄደችው?" ምን አድርገህ ነበር ከእሷ ጋር አላለችም፤ ምን ብታደርጋት አለች። እሱም ነገራት። ባጭሩ ሊነግራት ነበር፤ ረዘመ። አዳራሹን፣ ጢማሙን፣ ጸሐፊዋን፣ በሩን። በመሀላችን ምንም የለም፣ ክንዴን እንኳ አንዴ ብቻ ነው የያዘችኝ ሲላት "እሱን አልጠየቅሁህም" አለችው። "ታዲያ ለምን ከሰስካት?"

"ቀንቼ ነው።"

ትሰድበኛለች፣ ታለቅሳለች፣ ትዘጋብኛለች ብሎ ጠበቀ። ሳቅ መሳይ ነገር ሰማ፤ ሳቅ ግን አይደለም።

"በእኔ ቀንተህ ታውቃለህ?" አለችው።

"ባንቺ? አንቺንማ አምንሻለሁ።"

"ማመንህን አይደለም። ታውቃለህ ወይ?"

ፈለገ። ከተጋቡ ጀምሮ፣ ከወጣ ጀምሮ፣ አንዲት ቀን ፈለገ። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር በመኪናው እንደሚሸኛት ነግራዋለች፤ "ጥሩ ነው፣ ታክሲ ከምትጋፊ" ነው ያላት። ስትስቅ ማን እንዳሳቃት፣ ስትዘገይ የት እንደቆየች፣ አንድም ቀን።

"ሴቶቹ ታድለሽ ይሉኛል" አለች ሚስቱ። "ባሏ ውጭ ሆኖ አይነዘንዛት፣ ማን ጋር ነበርሽ አይላት። እኔም ታድዬ ነበር የሚመስለኝ። ለካ ቀናተኛ ነህ። ለካ እሳት አለህ። ለጎረቤት ነው እንጂ። ዕቃ ቤት ቆልፈው ባስቀመጡት ዕቃ ማን ይቀናል? ቁልፉ ካለ አለ ነው።"

"እንደሱ አይደለም፣ አንቺ..."

"እስቲ ጠይቀኝ።"

"ምን ብዬ?"

"ትናንት ማን ጋር እንዳመሸሁ።"

ጨዋታ ነው ይላል፣ ልታበሽቀኝ ነው ይላል፣ መብቷ ነው ይላል። "ማን ጋር አመሸሽ?" አለ፤ ድምፁ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ሆኖ ወጣ።

ሚስቱ ረዥም ትንፋሽ ስትስብ ሰማ። ደወል ተደወለ፤ ልጆች ሲሮጡ ይሰማል። "ክፍል ልግባ" አለች። "አንተም ተኛ፤ ሥራ አለብህ።" ተዘጋ።

እግሩን ወለሉ ላይ አወረደ፤ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው። ትናንት ምን ቀን ነበር? ርዕሰ መምህሩ ጢም አለው? ፎቶ ላይ አይቶታል፣ ከመምህራኑ መሀል፤ ረዥሙ ነው ወይስ ከሷ አጠገብ የቆመው? አጠገቧ ማን ነበር የቆመው? ፍሙ ገባ፤ ግን አዳራሹ ውስጥ እንደገባው አይደለም፤ ይህኛው አጥንት ድረስ ነው የሚሄደው። ክፍል ገብታለች፣ እያስተማረች ነው፣ አታነሳም። እያወቀ ደወለ። አንዲት ሴት በተረጋጋ ድምፅ፣ የደወሉላቸው ደንበኛ በሌላ መስመር እየተነጋገሩ ነው፣ እባክዎ ቆይተው ይሞክሩ አለችው። አልቆየም።